«ስኳር የቅምጥል በሽታ አይደል እንዴ?»

እናቴ ቡና ላይ ስለኔ ሥራ ስታወራ ሰምቻት አውቃለሁ። «ሐኪም ናት፣ ግን አታክምም» ትላለች። ትንሽ ዝም ትልና «ስኳር ታጠናለች» ብላ ትጨምርና እንግዳው እስኪገባው ትጠብቃለች፣ አይገባውም፣ ለሷም አልገባትም፣ ሁለተኛው ይቀዳል። እውነቱን ለመናገር ለኔም ለብዙ ጊዜ በደንብ አልገባኝም ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ክሊኒክ አለኝ፣ እዛ አክማለሁ፣ የቀረው ቀን ምርምር ይባላል፣ ምርምር ማለት ደግሞ ግማሹ ኢሜይል ነው፣ ሩቡ ገንዘብ ልመና ነው፣ የተረፈችው ሳይንስ ነች።

ሰሞኑን ከአገር ቤት የሕክምና ተማሪዎች በኢንቦክስ «ዶክተር፣ ሐኪምም ተመራማሪም እንዴት ነው የሚኮነው» እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ እመልሳለሁ ስል ለማንም ሳልመልስ ቀረሁ፣ ስለዚህ እዚህ አንዴ ልገላገለው። ግን ከፈተናና ከፎርም አልጀምርም። ከአንዲት እናት ጥያቄ ነው የምጀምረው፣ ምክንያቱም ሥራዬ የሚባለው ነገር በሙሉ የመጣው ከዛ ነው።

በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1999 ነው። ሰሜን ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል ኢንተርን ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ራውንድ ላይ የሲኒየሩ ድምፅ አይሰማም፣ ሁላችንም ዝም ብለን ራሳችንን እንነቀንቃለን። አንድ ጥግ ላይ የተኛ ልጅ አለ፣ ገበሬ ነው፣ ከወረዳ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ። ክብደቱ 41 ኪሎ። ወር ሙሉ ውሃ ይጠጣል ይሸናል፣ ይጠጣል ይሸናል፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ በገመድ ታስሯል። ስኳሩን ስንለካው ማሽኑ ቁጥር መስጠት አቅቶት «ሃይ» ብሎ ጻፈ፣ ከምቆጥረው በላይ ነው ማለቱ ነው።

ካርድ ለማውጣት ዕድሜውን ጠየቅኩ። እናቱ ናቸው የመለሱልኝ፣ ከአልጋው ስር መሬቱ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠው። «በሰባ ሰባት ነው የወለድኩት» አሉኝ። እኔ በልቤ ቀነስኩና «22» ብዬ ጻፍኩ። ይሄን መስመር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው፤ ወጣት ከሆነ፣ ከሲታ ከሆነ፣ ስኳሩ እንዲህ ከወጣ፣ ታይፕ 1 ነው። ታይፕ 1 ያለበት ሰው ደግሞ ቆሽቱ ኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባውን ሆርሞን፣ ማምረት ያቆማል፣ ኢንሱሊን ሲያጣ ሰውነቱ ስቡን ማቃጠል ይጀምርና ኬቶን በሚባል አሲድ ደሙ ይመረዛል፣ በሽተኛው ያስመልሳል፣ እንደሮጠ ሰው ያለከልካል፣ አፉ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል፣ በሰዓታት ውስጥ ካልደረስክለት ይሞትብሃል። የኔ ልጅ ግን ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። የሽንት መመርመሪያ ስትሪፑ ላይ ኬቶን የለም። ሲኒየሩ «ድገሚው» አለኝ፣ ደገምኩት፣ የለም። «ስትሪፑ ጊዜው አልፎበት ይሆናል» አለና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ። 40 በሽተኛ የሚጠብቀው ሰው ሌላ ምን ይበል። እኔም ያልመሰለኝን ነገር በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ ታይፕ 1።

ለእናቱ «ልጅዎ ስኳር አለበት» ስላቸው መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። ከዛ ደነገጡ፣ ከዛ ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ ስኳር የቅምጥል በሽታ አይደል እንዴ? ይሄ'ኮ ስኳር የሚቀምሰው እንግዳ ሲመጣ ነው። እህሉም ቢሆን አሁን ክረምት ነው፣ ታውቂው የለ።» እኔም ሁላችንም የምንለውን አልኩ፣ «እናቴ፣ ይሄ በሽታ ስኳር በመብላት አይደለም የሚመጣው።» ትክክል ነው የተናገርኩት። ምንም አይጠቅምም እንጂ። «እሺ፣ ከምንድነው?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሌላ ሰው ጠራኝና ዳንኩ።

በመስከረም ተመልሶ መጣ። የግራ እጁ እስከ ክርኑ ተቃጥሎ። ኢንሱሊኑን በኪሎው አስልተን ነበር የሰጠነው፣ ሁለት ሦስተኛው ጠዋት፣ አንድ ሦስተኛው ማታ፣ ልክ መጽሐፉ እንደሚለው። ልጁ ደግሞ ታማኝ በሽተኛ ነበር፣ ጣጣውም ታማኝነቱ ነው። መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከእንስራው ስር ቀዝቃዛው ቦታ አስቀምጦ፣ የታዘዘውን ሳያጎድል እየወጋ፣ ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ሲሆን ሳይበላም ወጋ። ማታ ላይ አላበው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ምድጃው ላይ ወደቀ። እናቱ ከጎረቤት ስኳር ተበድረው አፉ ውስጥ አደረጉለት፣ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ ምናልባት ዲስቻርጅ ስናደርገው ነርሷ ነግራቸው ይሆናል። እኔን ሲያገኙኝ የጠየቁኝ ስለ ቃጠሎው አይደለም። «ስኳር ላለበት ልጅ ስኳር አጎረስኩት፣ ጎዳሁት እንዴ?» ነው ያሉኝ።

አዳኑት'ኮ። የገደልነው እኛ ልንሆን ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው «ሪሰርች» የሚለው ቃል ለኔ ሲቪ ማሳመሪያ መሆኑ የቀረው። ወዲያው ግን አልሆነም፣ ሰው እንዲህ አይነት ነገር ሲያወራ አንድ ቀን ተነስቶ ወሰነ አይነት ያስመስለዋል፣ እኔ ለጊዜው ፈተና ላይ ነበርኩ፣ አሜሪካ መምጣት ነበረብኝ፣ የውስጥ ደዌ 3 ዓመት ሬዚደንሲ ነበረብኝ፣ ከዛ ኢንዶክሪን ፌሎሺፕ፣ የሆርሞን በሽታዎች ስፔሻሊስት ሥልጠና ማለት ነው። አብረውኝ የጨረሱት ልጆች ካርዲዮሎጂ ገብተው ቤት ገዙ፣ እኔ አይጥ ቤት ገባሁ (እናቴ «አይጥ ነው የምታክሚው?» ያለችኝ የዛን ጊዜ ነው)። አይጡን በአንድ ዓመት ተውኩት፣ ሰው ላይ ወደሚደረገው ምርምር ዞርኩ። ያ ልጅ ግን እዛው ነበር፣ ታይፕ 1 የሚል ካርድ ይዞ፣ ራሴ ውስጥ።

ፌሎው ሆኜ ቀስ እያልኩ የድሮ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ለሴሚናር፣ በኋላ እንደ ሱስ። በፈረንጅ ነው አሁን የምቆጥረው። በ1936 ሃሮልድ ሂምስወርዝ የሚባል የለንደን ሐኪም በሽተኞቹን ግሉኮስ ያጠጣና እዛው በዛው ኢንሱሊን ይወጋቸዋል። አንዳንዶቹ ላይ ኢንሱሊኑ ይሠራል፣ ደማቸው ውስጥ ስኳሩ አይወጣም። ሌሎቹ ላይ ምንም እንዳልተወጉ ሽቅብ ይሄዳል። ስለዚህ፣ አለ ሰውዬው፣ ይሄ በሽታ አንድ አይደለም፣ ኢንሱሊን የሚሰማ ሰውነትና የማይሰማ ሰውነት አለ። ልብ በሉ፣ የዛን ጊዜ ደም ውስጥ ያለ ኢንሱሊን የሚለካበት መንገድ ገና አልነበረም። ኢንሱሊን ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ከተወጋ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በጥር 1922፣ ገና 14 ዓመቱ ነው። ሰውዬው በመርፌ፣ በስኳር ውሃና በማየት ብቻ ነው እዛ የደረሰው። ለብዙ ዓመት ያን ያህል የሰማው አልነበረም።

የሰሙት ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ልኬት ይዘው ሲመጡ ነው። ሰለሞን በርሰን ሐኪም ነው፣ ሮዛሊን ያሎ የፊዚክስ ሰው ናት፣ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚሠሩት። ጨረር ያለው አዮዲን የተለጠፈበት ኢንሱሊን ለሰው ሲወጉ፣ ቀድሞ ኢንሱሊን ሲወስድ የኖረ ሰው ደም ውስጥ ቶሎ እንደማይጠፋ አዩ፣ አንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገር ላይ የሚያስነሳው መከላከያ) ይዞት ነው አሉ። ሳይንሱ ደግሞ የዛን ጊዜ ኢንሱሊን ትንሽዬ ነገር ስለሆነ አንቲቦዲ አያስነሳም ነበር የሚለው፣ ጽሑፋቸው ተመለሰ። በ1956 የታተመላቸው አንቲቦዲ የሚለውን ቃል ከርዕሱ ላይ አውጥተው ነው። ያሎ ያቺን የመለሰቻቸውን ደብዳቤ አልጣለችም፣ በ1977 ኖቤል ስትሸለም ንግግሯ ላይ አሳየቻት! ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው፣ ቂም ይዞ በሥርዓት መኖር ማለት ይሄ ነው። በርሰን አልደረሰበትም፣ በ1972 ሞቷል፣ ኖቤል ደግሞ ለሞተ አይሰጥም። እሷ ግን ቤተ ሙከራውን በስሙ አስጠርታ ስለነበር እያንዳንዱ የምታወጣው ጽሑፍ ላይ ስሙ ይኖራል። ፓተንትም አላወጡበትም፣ ማንም ይሥራበት ብለው ተዉት።

ያገኙት ነገር ምንድነው፣ ያ ችግር የፈጠረው አንቲቦዲ ራሱ መለኪያ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ውስጥ ያለ ኢንሱሊንን መቁጠር ተቻለ፣ ሲቆጠር ደግሞ በጎልማሳነት ስኳር የያዛቸው፣ ዛሬ ታይፕ 2 የምንላቸው፣ ብዙ ሰዎች ኢንሱሊን አላነሳቸውም፣ እንዲያውም ከጤነኛው የበለጠ አላቸው። ሂምስወርዝ ልክ ነበር። ዛሬ «ኢንሱሊን ሬዚስታንስ» ብሎ ቲክቶክ ላይ የሚያወራው ሁሉ ከዚህ ነው የሚበላው።

ይሄን ሳነብ የተሰማኝን ልንገራችሁ፣ ቅናት ነው። ዕውቀታቸው አይደለም ያስቀናኝ፣ ያልገባቸውን ነገር በሽተኛው ላይ ሲያዩ «ስትሪፑ አርጅቶ ይሆናል» ብለው አለማለፋቸው ነው።

ከዛ ደግሞ የባሰውን አነበብኩ። ያ የኔ ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ነበረ'ኮ! በ1955 ሂው-ጆንስ የሚባል ሐኪም ጃማይካ ላይ ከሁለቱም ዓይነት የማይገቡ በሽተኞች አይቶ ጽፏል፣ ከሲታ፣ ወጣት፣ ብዙ ኢንሱሊን የሚፈልጉ፣ ግን ኢንሱሊን ሲቋረጥ ኬቶን የማያወጡ። በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት የስኳር ዓይነቶችን ሲዘረዝር «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር» ብሎ ለብቻው ሳጥን ሰጣቸው። በ1999 ሳጥኑ ተነሳ፣ የምግብ እጥረት ስኳር እንደሚያመጣ ማስረጃው በቂ አይደለም ተብሎ። በነሱ 1999 ሳጥኑን አነሱት፣ በኛ 1999 እኔ ካርዱን ጻፍኩ። ሳጥን የሌለው በሽተኛ የት ይገባል? ቅርብ ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱም የሳጥኑ ነው።

ሳይንቲስቶቹን መርገም አልፈልግም፣ ማስረጃው በርግጥም ቀጭን ነበር። ግን ማስረጃው ለምን ቀጠነ ብሎ መጠየቅ አለ። መለኪያው ያለው ለንደን፣ ብሮንክስ፣ በሽተኛው ያለው አይሱዙ ላይ። በሽተኛውና ማሽኑ ሳይተዋወቁ «አልተረጋገጠም» ማለት ቀላል ነው።

በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከጎንደር የወጣ ጽሑፍ አለ፣ የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ናቸው። ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፣ የምግብ እጥረት ስኳርን ፋይል እንደገና እንክፈተው ወይ ይላል። ጎንደርና ጅማ ላይ አዲስ የመጡ በሽተኞችን ከጤነኛ ሰው ጋር አስተያይተው፣ ገጠር ያለው ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ስኳር ከድህነት ጋር አብሮ እንደሚሄድ፣ ወንዶች እንደሚበዙበት፣ በሽተኞቹ ቀጫጭን እንደሆኑ፣ የአጥንታቸው ልክ ጭምር በልጅነት የተጎዳ ሰው እንደሚመስል ጻፉ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ትንሽ ዞርኩ። ሌላ ሰውም አይቶታል ማለት ነው። እኔ አንድ አይቼ ዓመት ሙሉ ስብሰለሰል እሳቸው እዛው ሆነው፣ ዋርዱንም ይዘው፣ ተማሪም እያስተማሩ ቆጥረዋቸዋል። ሐኪምና ተመራማሪ መሆን እንዴት ይቻላል ለምትሉኝ፣ እኔን ከመጠየቃችሁ በፊት እሳቸውን አንብቡ።

አሁን ስለ ክላምፕ ላውራ፣ ሰውነት ኢንሱሊንን ምን ያህል እንደሚሰማ የምንለካበት መንገድ ነው፣ የሥራዬ እንጀራ እሱ ስለሆነ። እኛ አገር ደም ሥር ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ «ጉሉኮስ» ነው፣ «ጉሉኮስ ተሰካለት» ከተባለ ሰውየው በጠና ታሟል ማለት ነው። ክላምፕ ላይ የእውነቱን ግሉኮስ ነው የምንሰካው። ሰውየው ጦሙን አድሮ ይመጣል፣ በአንድ እጁ ኢንሱሊን በማይለወጥ ፍጥነት ይገባል፣ ኢንሱሊን ሲገባ የደሙ ስኳር መውረድ አለበት፣ እንዳይወርድ በዛው እጅ በኩል ግሉኮስ እናስገባለን፣ ሌላኛው እጁ ደግሞ ሞቅ ያለ ሳጥን ውስጥ ገብቶ በየ5 ደቂቃው ጠብታ ደም ይቀዳል፣ እያየን ግሉኮሱን ከፍ ዝቅ እያደረግን ስኳሩን አንድ ቦታ ቆልፈን 2 ሰዓት እንይዘዋለን። መጨረሻ ላይ፣ ስኳሩን እዛው ለማቆየት ስንት ግሉኮስ ፈጀ? ብዙ ከፈጀ ሰውነቱ ኢንሱሊን ይሰማል፣ ጥቂት ከፈጀ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ሂምስወርዝ በስኳር ውሃ የሠራውን ነው፣ በ1979 ዲፍሮንዞ፣ ቶቢንና አንድሬስ በዝርዝር ጽፈው ያወጡት። ከዛ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም፣ ዛሬም የሚሠራው በሰው ትዕግሥት ነው፣ ሽንት ቤት እንኳን ሰዓት ተጠብቆ ነው የሚኬደው።

ፌሎው ሆኜ ጤነኛ ማወዳደሪያ ሰው ጠፋና እኔ ተኛሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጣሪያ እያየሁ፣ እየራበኝ፣ ማዶ ላይ ጓደኛዬ ሳንድዊች እየበላ (ይሄን እስካሁን አልረሳሁለትም)። ውጤቴ ሲወጣ የጠበቅኩት አልነበረም፣ ትንሽ ጆሮዬ ደንቆሯል። እናቴ ታይፕ 2 ናት፣ ሁለት አክስቶቼም። ሰውነቴ ጠግቦ ያደገ ሰው ሰውነት ነው። እዛ አልጋ ላይ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፣ ያን ልጅ እዚህ ቢያስተኙት ስንት ይፈጅ ነበር?

ያን ጥያቄ ሌላ ሰው ቀድማኝ ጠየቀችው፣ ደግሞም በደንብ። ሜሬዲት ሆኪንስ ትባላለች፣ ሐኪምም ተመራማሪም ናት፣ አልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ፣ እንደገና ብሮንክስ (ብሮንክስ ምን አላት ግን?)። በ2005 በተለያዩ አገሮች እየዞረች ሐኪሞችን ስታስተምር፣ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ከሲታ ስኳር በሽተኛ እናያለን ይሏታል። ሰምታ አላለፈችም። ሕንድ ቬሎር ካለው የክርስቲያን ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞች ጋር ሆነው ክላምፑን ይዘው በሽተኞቹ ያሉበት ሄዱ፣ ውጤቱ በ2022 ዳያቤቲስ ኬር መጽሔት ላይ ወጣ። ቆሽታቸው የሚያመርተው ኢንሱሊን በጣም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ታይፕ 2 አይደሉም። ግን እንደ ታይፕ 1 ጨርሶም አልደረቀም። የገባላቸውን ኢንሱሊን ደግሞ ሰውነታቸው በደንብ ይሰማል፣ ጉበታቸው ላይ ያለው ስብም ከታይፕ 2 ሰዎች ያነሰ ነው። በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ታይፕ 5 ብሎ ስም ሰጠው፣ በዓለም ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰው እንዳለበት ይገምታል። ገና ያልተስማሙ አዋቂዎች አሉ፣ አንድ በሽታ ነው ወይስ የብዙ ነገር ቅልቅል ነው የሚል ክርክር አለ፣ እኔም ግማሽ ልቤ ከነሱ ጋር ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ መጠራጠር ደሞዝ የሚከፈለኝ ሥራ ነው።

ግን አንዱን መስመር ደግማችሁ አንብቡት። ኢንሱሊን በደንብ ይሰማሉ። ማለትም በመጽሐፉ ኪሎ ተሰልቶ የተሰጠ ኢንሱሊን፣ ጎተራ በጎደለበት ወር፣ ምድጃ ላይ ይጥላል።

ያ «ያዙልኝ» ያልኳችሁ መስመር። ሆላንድ ውስጥ በጦርነቱ መጨረሻ፣ ከ1944 ክረምት እስከ 1945 ጸደይ፣ ጀርመን እህል ዘግቶባቸው ሕዝቡ ተርቦ ነበር። ያኔ በማህፀን የነበሩ ልጆች 50 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ተጠርተው ግሉኮስ ጠጡ፣ ሰውነታቸው ስኳሩን በመያዝ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ፣ 1998 ላይ ታተመ። ሄልስና ባርከር የሚባሉ ሁለት እንግሊዞችም በ1992 ተመሳሳይ ሐሳብ አውጥተዋል፣ በማህፀን የተራበ ልጅ ለአንጎሉ ሲል ከቆሽቱ ይቀንሳል አይነት ነገር። የሆላንዱን ጥናት ለተማሪዎች እያስተማርኩ ነው፣ ስላይዱ ግድግዳው ላይ ነው፣ አፌ እየተናገረ ጆሮዬ ውስጥ «በሰባ ሰባት ነው የወለድኩት» የሚል ድምፅ መጣ።

ሰባ ሰባት። እኛ አገር ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ብቻ አይደለም። ማንኛዋም የሰሜን እናት በሰባ ሰባት ወለድኩ ስትል ቀን እየነገረችህ አይደለም። እሳቸው ሁሉን ነገር ነግረውኝ ነበር፣ ምን እንደበሉ፣ ምን እንዳልበሉ፣ ሆዳቸው ውስጥ ምን እንደነበረ። እኔ ቀንሼ 22 ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም፣ አውቃለሁ፣ ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ በቀይ ነው የምሰርዘው። ያ ልጅ በምን እንደታመመ እስካሁን አላውቅም፣ አንቲቦዲው አልታየም፣ ቆሽቱ አልተለካም፣ ከዛ በኋላ ቀጠሮው ላይ ቀረ፣ የት እንደደረሰ አልሰማሁም። ብቻ የዛን ቀን ስላይዱን ሳልጨርስ ለ5 ደቂቃ እረፍት ሰጠኋቸው።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ ልለፈው፣ ደስ ስለማይል። ለጀማሪ ሐኪም ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ ኬ23 የሚባል ድጋፍ አለ፣ ጊዜህን ከክሊኒክ ገዝቶ ለምርምር ይሰጥሃል፣ ግን ግሪን ካርድ ወይ ዜግነት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከኛ አገር የመጣችሁ ወረቀታችሁን ቀድማችሁ አስቡበት፣ ማንም አይነግራችሁም። እኔ መጀመሪያ ለአንድ ገንዘብ ሰጪ ስለ ከሲታዎቹ ስኳር የጻፍኩት ማመልከቻ ውይይት ላይ እንኳን ሳይቀርብ ተመለሰ፣ አንዱ ገምጋሚ «ለዚህ አገር ሕዝብ ያለው ጠቀሜታ ግልጽ አይደለም» ብሎ ነበር። ያሎን አስታውሼ ደብዳቤውን አስቀምጬዋለሁ፣ ለኖቤል ባይሆንም ለቡና ወሬ ይሆነኛል። ሁለተኛውን ስጽፍ ስለ ጉበት ስብ ጻፍኩ፣ ተሰጠኝ፣ ደሞዜ የሚከፈለው ከዛ ነው። ከሲታዎቹን የማጠናው በተረፈው ሰዓት ነው። ዋይንጋርደን የሚባል ሰው በ1979 ሐኪም ተመራማሪ እንደሚጠፋ አውሬ እየሆነ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፣ አሁንም እንዳልጠፋን እንግዲህ እናንተው ታዩናላችሁ፣ ከስተናል እንጂ።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ስሄድ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፣ ከከተማ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ። ስኳር የምትከታተለው አንዲት ነርስ ናት፣ ሐኪም በወር አንዴ ይመጣል ካለ። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች፣ ጋውኗ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ። ስለ ታይፕ 5 ምናምን ስነግራት በትሕትና ሰማችኝ። ከዛ መሳቢያዋን ከፍታ ባለ 100 ገጽ ደብተር አወጣች፣ በማስመሪያ የተሰመረ። ስም፣ ቀበሌ፣ ኪሎ፣ ስኳር፣ ኢንሱሊን ጠዋት፣ ኢንሱሊን ማታ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ «ጎተራ» ይላል። ከስሩ በየወሩ «አለ»፣ «አለ»፣ «ጎድሏል»፣ «የለም»።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ጎተራ ነዋ» አለችኝ፣ የከተማ ልጅ መሆኔ አሳዝኗት። «የለም ካሉኝ ኢንሱሊኑን እቀንስላቸዋለሁ። ጥር ላይ መልሼ እጨምራለሁ። መጀመሪያ ሁለት ሰው ወደቀብኝ፣ ከዛ ወዲህ መጠየቅ ጀመርኩ።»

«ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ?»

«ማን ይለኛል?»

ገጹን ገለጥኩት። ወደኋላ ሌላ ደብተር አለ፣ ከሱ በፊት ሌላ፣ 11 ዓመት። ክላምፕ የለም፣ ሞቅ ያለ ሳጥን የለም፣ ግን እኔ በየ5 ደቂቃው ግሉኮስ ከፍ ዝቅ እያደረግኩ የምሠራውን ሴትየዋ በየወሩ በጎተራ ስትሠራው ኖራለች። እጄ ላብ አላበው። ኮፒ ላድርገው ልል አፌ ላይ ደርሶ ሥራዬ ትዝ አለኝ፣ የሰው ስም አለበት፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ከዚህም ከወዲያም፣ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ይሄን ሁሉ ማስረዳት ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

«ፈቃዱ ሲመጣ ነይ። ደብተሩ የትም አይሄድም፣ ሰኞ ሰኞ እፈልገዋለሁ» አለችና በሩ ላይ ወደቆሙት ሰዎች ዞራ የሚቀጥለውን ስም ጠራች።